ስልክ አንድ፣ ቀጠሮ ሁለት፣ ካርታ ሦስት

ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ኮምፒውተር ሲያበላሽ አጠገቡ ቆሞ እንደማየት የሚያስቅ ነገር ጥቂት ነው። ችግሩ መሳቅ አለመፈቀዱ ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አትላንታ ከመጣሁ በኋላ ፒችትሪ ኮርነርስ ባለ አንድ መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓመት ቆሜ ካርቶን አሸግኩ። ከዚያ ፓይን ሌክ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቢሮ ሥራ አገኘሁ። ቢሮዋ ሽማግሌዎችንና በሽተኞችን በቫን ወደ ሐኪም ቤት ታመላልሳለች። ባለቤቷ በሱዳን በኩል በስደት የመጡ የአገራችን ሴት ናቸው፤ በአንድ አሮጌ ቫን ጀምረው ዛሬ ሰባት አድርሰዋል። እትዬ እላቸዋለሁ።

ሥራዬ ስልክ ማንሳት፣ ቀጠሮ ማየት፣ ቫኑ የት እንደደረሰ ካርታ ላይ መፈለግና ለክሊኒኮች ፋክስ መላክ ነው። ለአራቱም የተለያየ ፕሮግራም አለ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ሰው በስልክ ሲጠብቀኝ ዝም ማለትም ማውራትም ያሳፍረኛል። ከዚህ ጭንቀት የሚያወጣኝ የእጄ ፍጥነት ብቻ ነበር።

ከእኔ በፊት እትዬ ፕሮግራም የሚከፍቱት ስሙን በአንድ ጣት እየፈለጉ በመጻፍ ነበር። አንድ ፊደል ይስቱና ኮምፒውተሩን ይቆጡታል። «ምን ሆነሻል አንቺ ደግሞ ዛሬ?» ይሉታል። እኔ ያንን የእንግሊዝኛ ስም በትክክል መጻፍ ስለማልችል ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረብኝ። መጀመሪያ ለአራቱም ሾርትከት፣ ሲጫኑት ፕሮግራሙን የሚከፍት ምልክት፣ ሠርቼ ስክሪኑ ላይ ደረደርኳቸው። እትዬ ገብተው አዩና ጮኹ።

«የእመቤቴን ፊት ሸፈንሽብኝ!»

ስክሪኑ ላይ የማርያም ሥዕል ነበር። በዚያ ቢሮ ሕግ ማንኛውም ምልክት ፊቷን ቀርቶ የቀሚሷን ጫፍ እንኳ መንካት የለበትም። ስለዚህ አራቱንም ወደ ዳር ገፋኋቸው። ዳሩ ደግሞ ጠባብ ነው፤ እትዬ የሚያስቀምጧቸው ፎቶዎችና ደረሰኞች ሞልተውታል። በኋላ ከስክሪኑ ግርጌ ያለው መስመር ላይ ማስቀመጥ እንደሚቻል ደረስኩበት። ፕሮግራሙ ተከፍቶ ሳለ ምልክቱን በማውሱ የቀኝ ቁልፍ መጫን፣ ከዚያ ትንሽ የስፒል ምስል ያለበትን መምረጥ ነው። ማንበብ አያስፈልግም፤ ስፒሉን ማየት ይበቃል።

አንድ ቀን ደግሞ ሳላስበው የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከቁጥር ሁለት ጋር አብሬ ተጫንኩ። ከግርጌው መስመር ሁለተኛው ፕሮግራም ተከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምልክቶቹን ስልክ ሲመጣ በሚያስፈልጉኝ ተራ ደረደርኳቸው፤ ስልክ አንድ፣ ቀጠሮ ሁለት፣ ካርታ ሦስት፣ ፋክስ አራት። የተከፈተውን ደግሜ ብጫነው ያው የተከፈተው ብቅ ይላል እንጂ ሁለተኛ አይከፍትም። ደዋዩ ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ ቫኑን አገኘው ነበር።

ይህን ሁሉ ለማንም አልነገርኩም። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ዝም የሚል ሰው ምንም እንደማያውቅ ይቆጠራል።

አንድ ዓርብ እትዬ የወንድማቸው ልጅ ነገ እንደሚመጣ ነገሩኝ። እዚሁ ያደገ፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ትልቅ ቢሮ የሚሠራ ልጅ ነው። «ሲስተማችንን ያዘምንልናል» አሉ። «ሰኞ በሱ ሲስተም ትሠሪያለሽ። ካልሆነልሽ ግን ልጄ፣ አልዋሽሽም፣ ለዚህ ወንበር ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ያ ወንበር በሕይወቴ ተቀምጬ የሠራሁበት የመጀመሪያ ቦታ ነበር። ከእሱ ከተነሣሁ የሚጠብቀኝ መጋዘኑና ካርቶኑ ነው። ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም።

ቅዳሜ በረዶ የሞላበት ትልቅ የቡና ብርጭቆ ይዞ መጣ። ሰላም ያለው ስክሪኑን እንጂ እኔን አይደለም። ጣቶቹን ሳያይ ይጽፋል፤ እንደማያይ እንድናይለትም ቀና ብሎ ያየናል። ኮምፒውተሩ በዘገየ ቁጥር የሆነ ነገር እንደሸተተው ሰው አፍንጫውን ይሰበስባል።

«ኦኬ፣ ሶ፣ ይሄ ሁሉ ክላተር ነው፣ ዝርክርክ» አለ። «ማን ነው እንዲህ ሰትአፕ ያደረገው?»

«እሷ ናት» አሉ እትዬ፣ ሳህን የሰበረ ልጅ እንደሚያጋልጡ።

«ኖ ኦፌንስ፣ ሲስተር፣ ግን ይሄ ላይክ የአያቶች ሲስተም ነው።» ከግርጌው መስመር ላይ አራቱን ምልክቶቼን አንድ በአንድ አነሣቸው። «አሁን አንድ ነገር ብቻ ክሊክ ታደርጊያለሽ፣ አራቱም አብረው ይከፈታሉ። ዋን ክሊክ! ማሰብ አይጠበቅብሽም።»

«ኮምፒውተሩ እኮ ቀርፋፋ ነው» አልኩ።

«ሃ?»

«ምንም።»

ድምፄ ከአፌ ወጥቶ እሱ ጋ አይደርስም። እሱም ለመስማት ጎንበስ የሚል ሰው አይደለም።

የሠራውን ምልክት በትልቁ አድርጎ ስክሪኑ መሐል አስቀመጠው። መሐሉ የማን ፊት እንደሆነ ለመናገር አልቸኮልኩም። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉና ቀረቡ።

«አንተ! በማርያም ፊት ላይ?»

«አክስቴ፣ ዎልፔፐር እኮ ነው፣ የስክሪን ጌጥ።»

«የምን ዎልፔፐር ነው የምታወራብኝ? አንሣ! አሁኑኑ አንሣ!»

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ ሪላክስ።»

ምልክቱን ጎትቶ ዳር ማድረግ ይበቃው ነበር። ይህን እኔ በመጀመሪያው ሳምንት አውቄዋለሁ። እሱ ግን ዳር ላይ ማስቀመጥን የደሀ ሥራ አደረገውና በስክሪኑ ላይ ያለውን ምልክት ሁሉ ደበቀው። ማርያም ብቻዋን ቀረች። እትዬ አማተቡ።

«ኢቭን በተር» አለ። «አሁን ኮንትሮል፣ አልትና ጂ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ትጫኛለሽ፣ አራቱም ያው ይከፈታሉ። ጂ፣ ላይክ፣ ጎ!»

እትዬ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «የኔ ጌታ፣ ተባረክ» አሉት። እኔ አንድ ዓመት ስሠራ ትከሻዬ አንድም ቀን አልተነካም።

ሰኞ ጠዋት ሊያሳየኝ ራሱ መጣ፤ ሊያሳየኝም ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከኋላው ቆምኩ። ሦስቱን ቁልፎች ተጫነ። ምንም አልሆነም። ደግሞ ተጫነ። ምንም። ሊፍት አልመጣ ያለው ሰው እንደሚያደርገው ደጋግሞ ተጫነ። አሮጌው ኮምፒውተር ግን ትእዛዙን ሁሉ ሰምቶ፣ ቀስ ብሎ እየመጣ ነበር። ድንገት መስኮቶች በላይ በላዩ ይከፈቱ ጀመር። አራት ስልክ፣ አምስት ካርታ፣ ፋክሱን መቁጠር ተውኩ። ከዚያ ሁሉም ደርቆ ቀረ።

በዚህ መሐል እትዬ የእጅ ስልካቸውን ድምፁን ከፍተው ይዘው ገቡ። ከስልኩ ውስጥ የአንዲት እናት ድምፅ ይሰማል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ ደንበኛችን ናቸው።

«የቢሮው ስልክ አይነሣም ልጄ። ጨረሱልኝ፤ የክሊኒኩ በር ላይ ቆሜአለሁ። እግሬ ይንቀጠቀጣል።»

«ቫኑ የት ነው?» አሉ እትዬ ወደ እሱ ዞረው።

«ዋን ሰከንድ፣ አክስቴ። ሎድ እያደረገ ነው።» ደግሞ ሦስቱን ቁልፎች ተጫነ።

ያኔ የተናገርኩት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ሁለቱም ዞረው ሲያዩኝ ነው።

«ተነሥ!»

ደንግጦ ብድግ አለ። ተቀመጥኩ፤ ምንም ሳልነካ ጥቂት ጠበቅሁና ኮምፒውተሩ ሲነቃ ትርፍ መስኮቶቹን መዝጋት ጀመርኩ። የስልኩ ድምፅ «ልጄ፣ አላችሁ?» ይላል። እትዬ «አለን እማማ፣ ግድግዳውን ይደገፉ» ይላሉ። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ብቻ አስቀረሁ። ስፒሉን፣ ስፒሉን፣ ስፒሉን፣ ስፒሉን። በተራቸው ደረደርኳቸው። ሁለትን ስጫን የእናትየዋን ቫን ቁጥር አየሁ፤ ሦስትን ስጫን ቫኑ ከክሊኒኩ ሁለት መንገድ ወዲህ ቆሟል። ሹፌሩ እንዲመጣ የተነገረው ሰዓት እስኪደርስ እየጠበቀ ነው። አንድን ተጫንኩና ደወልኩለት።

«እማማ ቀድመው ወጥተዋል፤ በሩ ላይ ናቸው። አሁኑኑ ሂድ፣ ደግፈህ አስገባቸው።»

ትንሽ ቆይቶ በእትዬ ስልክ የቫኑ በር ሲከፈትና እማማ «እሰይ፣ እሰይ፣ ቀስ አድርገኝ» ሲሉ ተሰማ። እትዬ ስልኩን ዘጉና ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞረው ፈገግ አሉ።

«አየህ? ሲስተምህ እኮ ጥሩ ነው። እስኪሞቅ ነው የሚያስቸግረው።»

ሰባት ቫን በየማለዳው ሲያስነሡ የኖሩ ሴት ናቸው። ለሳቸው የማይነሣ ነገር ሁሉ ያልሞቀ ሞተር ነው። ልጁ የሆነውን ሁሉ አይቷል፤ ዓይኑ ከእጄ ላይ አልተነሣም ነበር። ግን «የስ፣ አክስቴ፣ ዋርም አፕ ያስፈልገዋል» አለ። እንዲህ ያለ ውሸት ለመዋሸት ዩኒቨርሲቲ መሄድ የግድ ነው?

እትዬ ወደ ኩሽናው ሲገቡ ጎንበስ አለ። ከመጣ ጀምሮ ወደ እኔ ጎንበስ ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ሲስተር፣ ምንድን ነው የተጫንሽው? ለኛ ቢሮም ይጠቅማል። ቪዲዮ ላንሣው?»

«እጄ ስለለመደ ነው» አልኩት።

«ኖ፣ ሲሪየስሊ።»

«እጄ ስለለመደ ነው።»

ባሳየው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አላሳየሁትም፤ እስከ ዛሬም አልጸጸተኝም።

እትዬ ውሃ ይዘው ተመለሱ፤ ለእሱ ነበር። «ደህና አድርጎ አስተማረሽ አይደል?» አሉኝ። «በይ በዚሁ ቀጥይ፤ ሌላ ሰው አልፈልግም።»

«እሺ፣ እትዬ» አልኩ። እሱ የውሃ ብርጭቆውን ይዞ ቆሟል። እኔ ተቀምጫለሁ።