ሸርፌ ሸራውን ያጠበችበት ቀን

የበግ ጠጉር በምናጥብበት ቀን ወንድ ወደ ባሕሩ አይወርድም። በክሪምያ ዳርቻ ያለ የታታር ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሻሻችንን ፈተን፣ ቀሚሳችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን እንደ ልባችን የምንስቅበት የራሳችን ቀን ነው። አርካዲ የሚሉት ሩሲያዊ ሠዓሊ ግን ከድንጋይ ጀርባ ተሸሽጎ ሸርፌን ሣላት። ዓይኑ ይፍሰስና።

ሸርፌ የወንድሜ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት እኔ አሳደግኳት፤ ጠጉር ማጠቡንም መፍተሉንም ከእኔ ነው የተማረችው። ለቤኪር ታጭታ ሳለ ያ ሥዕል ያልታ ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለ፤ ጸጉሯ ተዘርግቶ፣ ባቷ ተገልጦ፣ ፊቷ ቁርጥ እሷን። ለእጮኛዋ ጠልፋ የሰጠችውን መሀረብ እናቱ መለሱት። መሀረብ ከተመለሰ ጋብቻ የለም። ወንድሜ ሰው ፊት መቆም አፈረ፣ እኔ እርር ድብን አልኩ። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ ቂሟን ይዛ ጠበቀች።

በዓመቱ ሠዓሊው ሥዕሉን ተሸክሞ ብቅ አለ።

«ባሕሩ አላማረልኝም። እዚያው ቦታ ብትቀመጪልኝ አስተካክለው ነበር» አላት።

«ምን ችግር አለው ጌታዬ፣ ይምጡ» አለችው።

አበደች ብዬ ተከተልኳት፤ የመንደሩ ሴቶችም የጠጉር መውቂያ ዱላቸውን ይዘው ተከተሉ። ሰውየው ቀለሙን ሲበጠብጥ ሸራውን ነጥቃ ማጠቢያ ድንጋያችን ላይ አነጠፈችው። በአሸዋ ፈገፈገችው፣ በጠጉር መውቂያው ዱላ ወቀጠችው።

«ምን ነካሽ? ያንቺው መልክ እኮ ነው» አለ።

«የእኔ ከሆነማ እርስዎን ምን አገባዎት?»

ሊነጥቃት ሲራመድ ሁላችንም ዱላ መያዛችንን አየና ቆመ። አንዷ፣ «ሸርፌ፣ ባቱ ጋ ገና አልጠራም፣ ደገም አድርጊው» ስትል በሳቅ ፈረስን። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ቤኪር ደጃችን መጣ።

«እንግዲህ ሥዕሉ ጠፍቷል። እናቴም ተስማምታለች» አላት።

«አንተ ሄደህ አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«አይተህስ ምን አደረግህ?»

መሬት መሬት አየ። «ሰው ሞልቶ ነበር። ምን ላድርግ ብለሽ ነው?»

«ያ ሁሉ ወንድ ሲያየኝ እዚያው ግድግዳ ላይ ትተኸኝ መጣህ፤ ያወረድኩት እኔው ነኝ» አለችው። «በል፣ ለእናትህ ንገራቸው፤ አሁን አልፈልግህም ያልኩት እኔ ነኝ።»

እሱ ገና አፉን ሲከፍት በሩን ዘጋችበት።