ቀመሪያ ማንንም አታስነካም

በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቴ የሆነችው ቀመሪያ ቀናተኛ ናት። ሐሜት አይደለም፤ ራሷም ታምናለች። ባሏ ያዕቁብ ታክሲ በሚነዳበት ዘመን በተሳፋሪዎቹ ትቀና ነበር። ልቡ ደክሞ ሐኪሞች ደም የሚገፋ ሞተር ደረቱ ውስጥ ከገጠሙለት ወዲህ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ተራ ደረሰው።

ሞተሩ በባትሪ ነው የሚሠራው፤ ሽቦው በሆዱ በኩል ይወጣል። ባትሪውን የምትቀይረው፣ ሽቦው የሚወጣበትን ቁስል የምታጸዳው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቀመሪያ ብቻ ናት። አንድ ቀን "ላግዝሽ" ብላት በዓይኗ ገረፈችኝ።

ዘንድሮ ኩላሊቱም ሲደክም ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የሚቀረው ስቃዩን ማቅለል ነው አሉና ሩሀማ የምትባል ነርስ ላኩለት። ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች፤ በሩን ትዘጋና በአማርኛ ታጫውተዋለች። ከእኛ ጋር ሁለት ቃል የማይወጣው ሰውዬ እዚያ ውስጥ ይስቃል። "ለሷ ሲሆን ጥርስ አለው" ትለኛለች ቀመሪያ። እኔም ብሆን እቀና ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ቀመሪያ ሻይ ይዛ ሳታንኳኳ ገባች፤ እኔም ብስኩቱን ይዤ ተከተልኳት። ሩሀማ እጁን ይዛለች፣ እሱ ያወራል።

"ስቃዩ ከባሰብኝ ሞተሩ ይጥፋልኝ ብያለሁ፣ ፎርሙንም ሳይን አደርጋለሁ። የዚያን ቀን ግን ቀመሪያ እህቷ ጋ ሪጀንት ፓርክ ትደር። በማግስቱ ማለዳ ቃሲም ጎረቤት ሰብስቦ ያረዳታል።"

ቃሲም የታክሲ ጓደኛው ነው። ሰውዬው በቁሙ የራሱን መርዶ በአገሩ ወግ እያሰናዳ ነበር።

ቀመሪያ ትሪውን አስቀመጠች። "ለሷ አንተው ትነግራታለህ፣ ለኔ ቃሲም ይላክብኛል?"

"እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።"

"ሦስት ዓመት ደንግጬ አይደል እንዴ የኖርኩት።"

ሩሀማ ወደ ቀመሪያ ዞረች። "እትዬ፣ የሚያጠፋው ሐኪም ነው። የዚያን ቀን አጠገባቸው የሚሆን ሰው ግን ያስፈልጋል።"

"እኔ አለሁ።"

"ይችላሉ?"

ቀመሪያ የባሏን እጅ ከነርሷ እጅ ወስዳ ያዘች።

"አልችልም" አለች። "ግን ሌላ ሰው እንዲችልልኝ አልፈልግም።"