ወደ ግራ የዞረ ቋጠሮ

የኦቲሊ አንድ ተራ ቀን ዋጋው ስንት ነው ቢባል፣ ምሳውስ ምንም አይደል፤ ጥቁር ዳቦና ጎምዛዛ ጎመን ነው። የሚወደደው ሌላው ነው፦ ከጣቷ ጫፍ ቆዳ፣ ከዓይኗ ብርሃን፣ ማታ ደግሞ የአውሮፕላን ክንፍ ጨርቅን እንደ ከበሮ ከሚወጥረው ቀለም ሽታ የሚነሳ ራስ ምታት። ድሮ ይህን ሁሉ ከሥራ ባልደረባዋ ከክቭየታ ጋር ትካፈለው ነበር።

ኦቲሊ ቻኮቪትሴ በምትባል ከተማ፣ በአውሮፕላን መሥሪያ ውስጥ፣ ክንፎችን የተልባ እግር ጨርቅ ታለብሳለች። ክንፍ ብቻን አይሰፋም። በጠርዙ ይቆምና አንዷ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ ማዶ ትቀመጣለች፤ ረጅሙን መርፌ ይህች ስትሰድ ያቺ ትመልሳለች። የሚቋጥሩት በየተራ ነው። ለዓመታት ከክቭየታ ፊት ይልቅ ድምፅዋን ነበር የምታየው ማለት ይቻላል።

"አንቺ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ? መርፌዬን መልሺ።"

"ለባልሽም እንዲህ ብትቸኩይለት ጥሩ ነበር" ይላታል የክቭየታ ድምፅ ከክንፉ ማዶ።

ክቭየታ ግራኝ ስለነበረች ቋጠሮዋ ወደ ግራ ይዞራል። አለቃቸው አሎይስ ይቀልድባታል እንጂ አንድም ቀን አስፈትቷት አያውቅም።

አብረው ካለበሷቸው የመጨረሻዋ ቀይዋ ነበረች፤ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ለስፖርት የምትበር ትንሽ አውሮፕላን። እንደሌሎቹ ክንፍ በክንፍ ላይ አልተደረበባትም፤ "ግማሿ የት ቀረ?" እያለ ሰው ስቆባታል። አንድ የፕልዘን ከተማ ሐኪም ገዛት። ያን ክረምት ክቭየታ ሳንባዋን ታማ ሞተች። ፎቶግራፍ እንኳ ተነስታ አታውቅም። ጨቅላ ልጇን ሚላዳን ኦቲሊ ወስዳ አሳደገቻት።

ዘንድሮ በጸደይ ሐኪሙ ጨርቋ እንዲለወጥ ቀይዋን መልሶ አመጣት።

"የእናትሽን የእጅ ሥራ አመጣልሻለሁ" አለቻት ኦቲሊ ሚላዳን። ልጅቱ ግን በማግስቱ በትኩሳት ነደደች፤ ኦቲሊም ከአጠገቧ አልተነሳችም። ሥራ ስትመለስ ክንፉ አጥንቱ ብቻ ቆሟል።

"ጋሽ አሎይስ፣ አሮጌው ጨርቅ የት ደረሰ?"

"የት ይድረስ? ውሃ አያስገባም ብለው የሰፈር ሰዎች ለዶሮ ቤት ተሻሙበት። ምነው?"

"የክቭየታ ቋጠሮ ነበረበት።"

አሎይስ ቆቡን አወለቀ። "ምነው ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ።"

"ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ ነው እኮ።"

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ልጅቱን አስከትላ ቤት ለቤት ትዞራለች። አንድ ቀን ከአንዲት መበለት የዶሮ ቤት ላይ ቀይ ቁራጭ አገኙ። ኦቲሊ ስፌቱን የሸፈነውን ጥብጣብ ቀስ ብላ ገለጠች። ያለው አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው፤ ወደ ቀኝ የዞረ፣ የራሷ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

"እንያዘው፣ አክስቴ" አለች ሚላዳ። "የእማዬ ሲገኝ ጎን ለጎን እንሰፋቸዋለን።"

ኦቲሊ የምትለምናችሁ ይህን ነው፦ "ዶሮ ቤታችሁ ወይም ችግኛችሁ ላይ ቀይ፣ ድርቅ ያለ ጨርቅ ካለ ጥብጣቡን ገልጣችሁ እዩልኝ። ቋጠሮው ወደ ግራ ከዞረ አታቃጥሉት። መዳፍ የምታህል ትበቃናለች። ለዶሮዎቻችሁ ሌላ መሸፈኛ እኔ እሰፋላችኋለሁ።"