እዚህ ነው ያረፉት

አባባ ሊጠይቁኝ ከአገር ቤት ወደምኖርባት የቴክሳስ ከተማ፣ ወደ ዩለስ የመጡት ለሦስት ወር ነበር። በሦስቱም ወር አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለን አላወራንም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ የመኪናውን ቁልፍ እጄ ላይ እያቅጨለጨልኩ "አባባ፣ ይነሱ እንውጣ" እላለሁ። ፎርት ዎርዝ ወስጄ ከብት ሲነዳ አሳየኋቸው፤ ከብት መች አጣሁ ብለው ሳቁብኝ። ዋይሊ የሚባል ከተማ ወስጄ ቀለማቸው ገና ያልደረቀ ቤቶች አሳየኋቸው። አርባ ዓመት አናጢ ስለነበሩ ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩተው "ይሄማ ካርቶን ነው" አሉኝ። በሄድንበት ሁሉ የማይቀር ንግግራቸው ግን አንድ ነበር፦ "አንተ ልጅ፣ አረፍ በል እንጂ።"

ለምን እንደማላርፍ እኔ አውቃለሁ። እናቴ ከሞተች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ነበር። ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበርና ከአሜሪካ ብወጣ መመለሻ አልነበረኝም፤ ሳልቀብራት ቀረሁ። አባባ ከመጡ ጀምሮ ስሟን አላነሳሁም፤ እሳቸው ሊያነሱ የመሰለኝ ጊዜ ሁሉ ቁልፌን አነሳለሁ። ታላቅ እህቴ ከአገር ቤት ደውላ ተቆጣችኝ። አባባ የመጡት አሜሪካን ለማየት ሳይሆን ከእኔ ጋር ተቀምጠው ለማልቀስ እንደሆነ፣ እንዲሁ ከተመለሱ ደግሞ በዚህ ዕድሜያቸው ሌላ ጊዜ እንደማይኖር ነገረችኝ። እሺ አልኳት። የቀረን አንድ ሳምንት ነበር።

እሺ ብዬም ለቅዳሜ ሌላ መሸሻ አገኘሁ። ኤርፖርት አብሮኝ ሻንጣ የሚጭን አንድ የቴክሳስ ሰው፣ እሱ ባደገበት ገጠር ወረዳ በዓመት አንድ ቀን የጥንት ቤቶች ለጎብኚ እንደሚከፈቱ ነግሮኝ ነበር። ወደ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል ነዳሁ። ልንደርስ ስንል አባባ ሰው በገዛ ቤቱ ሳይቀመጥ የሰው ቤት ሲያይ ይውላል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነዳጁን ረገጥ አደረግኩ።

መጀመሪያ የገባንበት ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ባለ ሰፊ በረንዳ የእንጨት ቤት ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው የብረት ሰሌዳ፣ ጥጥ ያመርት የነበረ አንድ ባለመሬት እንደሠራው ይናገራል። የምታስጎበኘን ሸበቶ ሴትም ያንኑ ደገመችልን። አባባ ግን ምሰሶውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ እንዲህ አድርጎ የሚጠርብ ባለመሬት የለም፣ ማን እንደጠረበው ጠይቅልኝ አሉኝ። ጠየቅኳት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ባሮች ናቸው፣ ስማቸውም አልተጻፈም አለች። ተረጎምኩላቸው። እጃቸውን ከምሰሶው ሳያነሱ ብዙ ቆዩ። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ቀጥሎ መኝታ ክፍሉ ነበር። አንድ አልጋና ሁለት ወንበር አለ፤ እንዳይነኩ ከፊታቸው ወፍራም ገመድ ተወጥሯል። ሴትዮዋ የጥንቷ የቤቱ እመቤት ከምሳ በኋላ እዚህ ጋደም ይሉ እንደነበር አጫወተችን። የእኔ ልብ ግን ቀጣዩ ቤት ደርሶ ነበር። "ያርፉበት የነበረ ክፍል ነው" ማለት ሲገባኝ፣ ባጭሩ "እመቤቲቱ እዚህ ነው ያረፉት" አልኩ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ገመዱን ከፍ አድርገው በሥሩ ሾልከው ገቡና አንደኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዚያም ለሴትዮዋ አንገታቸውን ደፍተው "እግዜር ያጥናችሁ" አሏት። ለእሳቸው ሰው ያረፈበት ቤት ለቅሶ ቤት ነው፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳይቀመጡ መውጣት ደግሞ ነውር ነው።

ሴትዮዋ ደነገጠች። ወንበሩ ቅርስ እንደሆነ፣ ሰው እንደማይቀመጥበት ነግራኝ፣ ሰውየው ምን ሆነው ነው ብላ ጠየቀችኝ። አፈርኩ።

"አባባ፣ ይነሱ፤ ተሳስቼ ነው" አልኳቸው። "ማለቴ፣ ጋደም ይሉበት ነበር ለማለት ነው። የሞቱት ሌላ ቦታ ነው፤ ያውም ድሮ።"

"ይሁን። ከተቀመጥኩ አይቀር ትንሽ ልቆይ።" ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ቀና ብለው አዩኝ። "የእናትህን መርዶ ማን አረዳህ?"

ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። በሩ ላይ ግን ሴትዮዋ ቆማለች።

"ማንም። በስልክ ሰማሁ፤ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ።"

"ከዚያስ?"

"የሥራ ሺፍት ነበረኝ። ስለዚህ... ገባሁ። ሻንጣ ስጭን ዋልኩ።"

በአገራችን መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው እንዳይወድቅ ግራና ቀኙን ይዞ። አባባ ፊታቸው ተለወጠ። እስከዚያች ቀን ልቤ የደነደነ መስሏቸው ኖሯል።

"ብቻህን?" አሉ።

"ብቻዬን።"

ሴትዮዋ አሁንም መልስ ትጠብቃለች። እናቴ እንደሞተች፣ አባቴም ከእኔ ጋር ሊያለቅሱ ከሩቅ አገር እንደመጡ ነገርኳት። በየትኛውም ቋንቋ ለሰው ስናገረው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እሷም ገመዱን ከመንጠቆው አወለቀች፤ ሁለተኛውን ወንበር በእጇ አሳይታኝ ወጣችና በሩን ዘጋችው።

ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ። አባባ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣ ቅድም ለማያውቋት ሴት ያሉትን ለእኔ አሉኝ።

"እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ።"

ያኔ አለቀስኩ። አባባም አለቀሱ። በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁ ጎብኚዎች ያወራሉ፤ ሴትዮዋ "ሐዘንተኛው ቤተሰብ ውስጥ ተቀምጧል፣ ትንሽ ታገሡ" ስትላቸው ሰማሁ።