እምቢ ማለትን የተለማመድኩባት

መጽሐፉን የገዛሁት ቆሰበር መናኸሪያ ውስጥ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ከአዟሪ ነው። ሽፋኑ ላይ ከረባት ያሰረ ሰውዬ እጆቹን አጣምሮ ከመስታወት ፎቅ ፊት ቆሟል። ስለ ስኬታማ ሰዎች መርሆች የሚያወራ የትርጉም ሥራ ነው። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ወጥቼ አላውቅም። ሰውዬው ይህን ሁሉ የሚያውቅ መስሎ አየኝ፤ ገዛሁት።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንደ ቆሎ ነው፤ አንዴ ከጀመሩት እጅ አይመለስም። በሁለት ወር ውስጥ ሰባት ደረሱ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ የሚለየው የከረባቱ ቀለም ብቻ ነው። ከሰባቱ የጨመቅኳቸውን መርሆች ከትምህርት ቤት ባመጣሁት ትልቅ ወረቀት ላይ በማርከር ጽፌ ከአልጋዬ ትይዩ ለጠፍኩ። የመጀመሪያው «ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሳ» ይላል። የቆሰበርን ብርድ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ አይጽፍም። እኔ ግን መርህ መርህ ነው ብዬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እነቃና ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ስቤ፣ ጥንካሬዬን እያደነቅኩ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል እተኛ ነበር። ሁለተኛው «በማንም ፊት እውነቱን ተናገር» ነው። ሦስተኛው «ለማይጠቅምህ ሰው ጊዜህን አትስጥ»፤ አራተኛው «እምቢ ማለትን ተለማመድ»።

እምቢ ማለትን መለማመድ ካለብኝ መጀመር የነበረብኝ ከርዕሰ መምህሩ ነው። በየዓመቱ አምስት ኮሚቴ ውስጥ ይከተኛል። እሱ ፊት ግን አንገቴን ደፍቼ «እሺ» እላለሁ። አከራዬንም አልደፈርኩም። ጀግንነቴን የሞከርኩት እናቴ ላይ ነው።

እናቴ የምትኖረው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ ባደግኩበት ቤት ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እርሻዋ የሚሠራው በወንፈል ነው፤ ስምንት ቤቶች በተራ አንዱ ለሌላው ይሠራሉ። ከየቤቱ አንድ ጉልበት ያለው ሰው ይወጣል። ትምህርት ሲዘጋ ከእናቴ ቤት የምወጣው እኔ ነኝ። ተራውን ያጎደለ ቤት በሚቀጥለው ወንፈል አይጠራም። ማንም አይቆጣም፣ ማንም አይሳደብም፤ ዝም ብሎ አይጠራም። ብቻዋን ለምትኖር ሴት ይህ ማለት መሬቷ ጦም አደረ ማለት ነው።

በዚያ ሐምሌ ድንቹ ደርሷል፤ ዝናቡ ደግሞ አላባራ ብሏል። ቶሎ ካልተቆፈረ እዚያው አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። እናቴ ደወለችልኝ። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ መውጣቷን ከትንፋሿ አወቅኩ።

«ረቡዕ ከአበልጄ እንጀምራለን፤ ሐሙስ የእኛ ነው። ማክሰኞ ናና እደር» አለችኝ።

ወረቀቱን አየሁ። «አልችልም፣ እማዬ። በዚህ ክረምት ለራሴ ጊዜ እፈልጋለሁ።»

«ምን ልትሠራበት?»

«ላነብበት።»

ነፋሱ ይሰማል። «እሺ፣ ልጄ» አለችና ዘጋችው። ስልኩን እንዳስቀመጥኩ ተነስቼ ከአራተኛው መርህ ጎን ራይት አደረግኩ። ዛሬ ሳስበው ያንን እጄን መቁረጥ ያምረኛል።

ረቡዕም ሐሙስም ሲዘንብ ዋለ። እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ስምንተኛውን መጽሐፍ ጀመርኩ።

ዓርብ የሐምሌ ገብርኤል ስለነበር አገሩ ሥራ አይሠራም። ረፋዱ ላይ በሩ ተገፋና እናቴ ገባች። ከኋላዋ የወንፈሉ አባት የሆኑት ጎረቤታችን ሽማግሌ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘው፣ ከሳቸው ኋላ አበልጇ የአጃ ዱቄት በፌስታል አንጠልጥላ ተከተሉ።

«እግዜር ይማርህ!» አሉኝ።

ማንን እንደሆነ ለማየት ዞር ብዬ ነበር። ከዚያ ገባኝ፤ እናቴ «ልጄ ታሟል» ብላቸዋለች። እናቴ ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም። አንዲት ክፉ ቃል ብታመልጣት ለንስሐ አባቷ ልትናገር በዝናብ ኮረብታ የምትወጣ ሴት ናት።

ሽማግሌው የቀርከሃ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። «ኧረ ምን አገኘህ፣ መምህር? ምንህን ነው የሚያምህ?»

እውነቱን ብናገር መርሄ ይከበራል፤ እናቴ ግን በስምንት ቤት ፊት ውሸታም ትሆናለች፣ ከወንፈልም ትወጣለች። አየኋት። እሷ የጣሪያውን ቆርቆሮ ታያለች።

«ጎኔን» አልኩ።

«ትኩሳት ነው ብላን አልነበር?» አለች አበልጇ።

«እሱም አለበት» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከቆርቆሮው ሳትነቅል።

ነገሩን ላጠናክር ብዬ አሳልኩ። ሽማግሌው ጠበሉን ፊቴና ደረቴ ላይ ረጩብኝ። በቆሰበር ሐምሌ፣ ቀዝቃዛ ጠበል! ጤነኛ ነበርኩና ተንቀጠቀጥኩ። እነሱም ትኩሳቱን በዓይናቸው አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አታስብ» አሉኝ ሽማግሌው። «የረቡዑንም የትናንቱንም ያንተን ድርሻ ተካፍለን ቆፍረነዋል። የእናትህ ድንች ተነስቷል። የታመመ ሰው ቀን አይቆጠርበትም።»

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ጥፍራቸው ውስጥ ጭቃው ገና አለ። ሐፍረት ተሰማኝ፤ መጽሐፎቹ «ራስን የመገምገሚያ መልካም አጋጣሚ» የሚሉት ዓይነት ሳይሆን፣ የለየለት፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ የሚያሰኝ ሐፍረት።

ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን በአገጫቸው አመለከቱና «ይሄ ጸሎት ነው?» አሉ።

«መርህ ነው፣ አባቴ። ሰው የሚተዳደርበት ደንብ።»

«እስቲ በእኛው ቋንቋ አድርገህ ንገረን።»

ሦስተኛውን፣ «ለማይጠቅምህ ሰው ጊዜህን አትስጥ» የሚለውን፣ በአዊኛ ልጀምር አፌን ከፈትኩ። በማርከር ሲጻፍ ያማረው ነገር ባደግኩበት ቋንቋ፣ ድንቻችንን በዝናብ ለቆፈሩ ሰው ሊነገር የማይቻል ብልግና ሆነብኝ። «ቀኑን ለሰጠህ ሰው ቀኑን መልስለት ይላል» አልኳቸው።

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይሄን ለማለት ነው ይህን ሁሉ የጻፉት?» አሉ፤ የከተማ ሰው ነገር ገርሟቸው።

የአጃውን አሠራር ነግረውኝ፣ መርቀውኝ ወጡ። እናቴ ብርድ ልብሱን ልታለብሰኝ ብላ ወደ ኋላ ቀረች። በሩ መዘጋቱን ዞር ብላ አየችና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«ውሸቱን እኔ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ» አለችኝ። «ሰኞ የወንፈል አባታችን ማሳ ነው። እስከ ሰኞ ትድናለህ።»