ወይን ጠጁ መብራት

የቤተ ሙከራው ጽዳት ሠራተኛ የተመራማሪውን ስም ጠይቃው አታውቅም፤ ለእሷ እንዲሁ «ዶክተር» ነው። ሹራቡን ገልብጦ ይለብሳል፤ ያቺን ቦርጫም የብረት በርሜል በምግብ መጠቅለያ ፎይል እየሸፈነ እንደ አራስ ሲያባብላት ይውላል። አየሯ ተመጥጦ በወጣው በርሜል ውስጥ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ የመዳብ ቁራጭ አለች። በመዳቧ ላይ ደግሞ ለዓይን የማይታዩ የጋዝ ቅንጣቶች ተለጥፈዋል። ብርሃን ሲያርፍባቸው ለሁለት ተሰንጥቀው ይበርራሉ ባይ ነው እሱ። ባልደረቦቹ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ «የመብራትህ ሙቀት ነው ያባረራቸው» እያሉ ሲስቁበት ኖረዋል። ዛሬ ካላሳመናቸው ነገ በርሜሏ ተፈትታ ለሌላ ሰው ትሰጣለች።

ረፋዱ ላይ ቀይ መብራት አበራ። መዳቧ ሞቀች፤ የሚበርሩትን ቅንጣቶች እየቆጠረ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው መስመር ግን እንደተጋደመ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ሙቀቱን ያንኑ ያህል አድርጎ ወይን ጠጁን አበራ። መስመሩ ሽቅብ ተወነጨፈ!

«ሙቀት አይደለም እህቴ! ቀለሙ ነው! ብርሃኑ ራሱ ነው!» ብሎ በእርጥቡ ወለል ላይ ተሽከረከረ።

«ኧረ ቀስ ይበሉ ዶክተር፣ አሁን መወልወሌ ነው! አንገትዎን ሊሰብሩ ነው?»

«ይሰበር!»

መወልወያዋን ተደግፋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም፣ እስከ ዛሬ ሲስቅ አይታው የማታውቀው ሰው፣ እየተንፈቀፈቀ ቤቱ ደወለ።

«ዛሬ ምሳ አብረን እንበላለን!» ብሎ ጮኸና ጥቂት አዳመጠ።

«አባትሽ ነኝ እንጂ ማን ልሁን?» አለ ቀስ ብሎ። «አዎ፣ እየሳቅሁ ነው።»