ሳያሰናብቱን አንነሳም

በዶርማችን መመገቢያ ሐሙስ ሐሙስ ካስታርድ ይቀርባል። ቢጫ፣ ወፍራም፣ ከላዩ ቆዳ የያዘ የወተት ጣፋጭ ነው። እዚህ በርክሌ ዩኒቨርሲቲ አብረውኝ የሚማሩት ልጆች አይነኩትም። እኔ ግን የቫኒላውና ትንሽ ያረረው ወተት ሽታ ገና በሩ ላይ ሲቀበለኝ ጀርባዬ ቀጥ ይላል፣ ስቀመጥም ክርኔ ጠረጴዛው ላይ አያርፍም። ማንም አላዘዘኝም። አስተዳደጌ ነው፤ እስቲ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

አባቴ የተማረው እንግሊዞች አዲስ አበባ ላይ ባቋቋሙት አሮጌ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱን በዓይኔ አላየሁትም፤ ግን ኦክላንድ፣ ሁለት መኝታ ቤት ባለው አፓርታማችን ውስጥ ኖሬበታለሁ። የድንጋዩን ሕንፃ፣ ዙሪያውን ያሉትን ባሕር ዛፎች፣ የጠዋቱን ቀዝቃዛ ውኃ፣ ከዚያ የሚከተለውን ሰልፍና የጫማ ፍተሻ ሁሉ አውቀዋለሁ። ከምሳ በፊት አማርኛ የተናገረ ልጅ ሜዳውን በሩጫ ይዞራል። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ረጅም ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው ስበው ከልጆቹ ጋር ኳስ ይጫወታሉ፤ ሲጠለፉም ፊሽካውን የሚነፉት ራሳቸው ናቸው።

ከሕጎቹ ሁሉ የጠበቀው የገበታው ነበር። ምግብ ካለቀ በኋላ ዳይሬክተሩ “ዩ ሜይ ጎ፣ ቦይስ” ብለው ሳያሰናብቱ ከወንበሩ የሚነሳ የለም። ይህን ሕግ አባቴ ለእኛ አወረሰን። ሁልጊዜ እራት ላይ አፉን ጠርጎ፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አየት አድርጎ፣ “ዩ ሜይ ጎ፣ ቦይስ” ይላል። እኔ ሴት ነኝ ስለው፣ “ቦይስ ውስጥ አንቺም አለሽ” ይለኝ ነበር። እዚሁ የተወለደው ወንድሜ “ዳድ፣ ዊ ላይቭ ኢን ኦክላንድ” እያለ ያጉረመርማል፤ ሳይፈቀድለት ግን አይነሳም።

ያ ትምህርት ቤት ያከተመው በምሳ ሰዓት ነው። አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ፣ እዚያም የዘወትር ጣፋጭ የነበረው ካስታርድ ቀርቦ ሳለ ሁለት ሰዎች ዳይሬክተሩን ወደ በሩ ጠሯቸው። “አሁን እመለሳለሁ” ብለው ወጡ፤ አልተመለሱም። ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ልጆቹ ባዶ ሳህን ፊታቸው አድርገው ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። በመጨረሻ ወጥ ሠሪው ሳህን ሊሰበስብ መጥቶ፣ “ምን ትጠብቃላችሁ?” አላቸው። አባቴ ይህን ታሪክ እየሳቀ ነበር የሚያወራልን። እዚህ ጋ ሲደርስ ግን ሳቁ ይቋረጣል።

አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ዳይሬክተሩ ልጃቸውን ሊጠይቁ እዚሁ አጠገባችን ኤል ሴሪቶ መምጣታቸው ተሰማ። አባቴ ለእሑድ ምሳ ጋበዛቸው። ሁለት የትምህርት ቤት አብሮ አደጎቹንም ጠራ፤ አንደኛው ሳን ሆዜ የሚሠራ ኢንጂነር፣ ሁለተኛው የዚያን ጊዜው የተማሪዎች አለቃ፣ ኋላ ታክሲ ነጂ።

“ያስታውሱኝ ይሆን?” አለ አባቴ ከረባቱን እያሰረ። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር።

“አንተ ሰውዬ፣ ያን ሁሉ ልጅ አስተምረው አንተን?” አለች እናቴ። “በዚህ ሽበትህማ የሥራ ባልደረባቸው ነው የምትመስላቸው።”

ካስታርዱን የሠራው አባቴ ነው። አለቃው በስልክ መመሪያ ይሰጠዋል፤ ድምፁ ወጥ ቤቱ ድረስ ይሰማል። “ጓጉሏል? ካልጓጎለ የኛ አይደለም! አታማስለው ብዬሃለሁ!” እናቴ ለእንግዳ የጓጎለ ነገር ሲቀርብ ላለማየት ወደ ሳሎን ሄደች።

ዳይሬክተሩ ሲደርሱ ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች ኮሪደሩ ላይ በቁመት ተሰልፈው ጠበቋቸው። አለቃው የኢንጂነሩን ጫማ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው እጃቸውን አንድ በአንድ ጨበጡ። አባቴን በኢንጂነሩ ስም ጠሩት፤ ኢንጂነሩን ሰምተነው በማናውቅ ስም። “የስ፣ ሰር” አለ አባቴ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ሲደበዝዝ አየሁት።

ምሳው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ። ሦስቱ እሳቸውን ለማክበር ዶሮ ወጡን በሹካና በቢላዋ ተያያዙት፤ እንጀራው ከቢላዋው ሥር እየሸሸ አስቸገራቸው። እሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በሦስት ጣት እየጠቀለሉ፣ ከማንም በፊት ጨረሱ። ካስታርዱ መጣ። እሱንም ከነጓሉ ጨረሱና ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

አባቴ ዳይሬክተሩን ያያል። ዳይሬክተሩ አባቴን ያያሉ። ማንም አይነሳም። ውጪ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ፤ አለቃው ታክሲውን ያቆመው የጎረቤታችንን መግቢያ ዘግቶ ነበር። ጥሩምባው ሲደጋገም ግንባሩ ላይ ላብ ፈሰሰ፤ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

እናቴ ከወጥ ቤት በጣቷ ጠራችኝ። “ምን ሆነዋል? ተጣሉ እንዴ?”

“አላሰናበቷቸውም፣ እማዬ።”

“ታዲያ ሊያድሩ ነው? ሂጂ፣ አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ፣ በትሕትና ጠይቂያቸው።”

ዓረፍተ ነገሬን በልቤ ደጋግሜ ሄድኩና፣ ዳይሬክተሩን የሚጠብቁት ነገር ይኖር እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቅኋቸው። መልሱን የሰጡኝ በአማርኛ ነው፤ ቀስ ብለው፣ ቃሉን ከሩቅ የሚያመጡት ይመስል።

“ምርቃት ነው የምጠብቀው፣ ልጄ። ሽማግሌ ሳይመርቅ ከገበታ መነሳት በእናንተ ዘንድ ነውር ነው። ይህን አልረሳሁም።”

አለቃው መጀመሪያ ገባው። “ጌታዬ፣ እዚህ ቤት ከእርስዎ የሚበልጥ ሽማግሌ ከየት እናመጣለን?”

ዳይሬክተሩ ዞር ዞር ብለው የአንዱን ራሰ በራ፣ የሌላውን ቦርጭ፣ የአባቴን ሽበት አዩ። ሳቃቸው መጣ። ሁሉም ሳቁ፤ እናቴማ ከበሩ ጀርባ ጮኻ ሳቀች። ከዚያ ጠረጴዛውን ይዘው ቆሙና የሚያውቋትን አንዲት ምርቃት መረቁ።

“እደጉ፣ ተመንደጉ።”

“አሜን!” አሉ ሦስቱም።

ሊቀመጡ ነው ስንል አልተቀመጡም። ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ረዘም ላለ ጊዜ። “አሁን እመለሳለሁ ብያችሁ ነበር” አሉ። “ዘገየሁባችሁ።” ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ በዚያ አባቴ እራት ላይ በሚያስመስለው ድምፅ፣ “ዩ ሜይ ጎ፣ ቦይስ” አሉ።

ማንም አልተነሳም። ከዚያ አለቃው ተነስቶ ወንበሩን በሥርዓት ወደ ጠረጴዛው ከገፋ በኋላ ታክሲውን ሊያነሳ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። አባቴ ግን የአፍ መጥረጊያውን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ መልሶ ያጥፋል።

“ታዲያ ስምህን አስታወሱ?” አለችው እናቴ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ።

“ኧረ በጭራሽ” አላት እየሳቀ። የዚያን ቀን ሳቁ አልተቋረጠም።

ከዚያ ወዲያ አባቴ እራት ላይ ማሰናበቱን ተወ። እንደፈለግን እንነሳ ጀመር። ወንድሜ መጀመሪያ ደስ አለው፤ ሰንበት ብሎ ግን ከበላ በኋላ ያለ ምክንያት ቁጭ ማለት አበዛ።

ዘንድሮ ወደ ዶርም ስገባ ያመጣኝ አባቴ ነው። ከኦክላንድ በርክሌ በባቡር ትንሽ መንገድ ናት፤ እሱ ግን ከረባት አስሮ፣ ሩቅ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት እንደሚያስገባኝ ሆኖ መጣ። ሐሙስ ነበር። እዚህ መመገቢያ ውስጥ አብረን በላን፤ ካስታርዱን ቀምሶ “አልጓጎለም” ብሎ አዘነ፤ ግን ጨረሰው። ከዚያ አፉን ጠረገ። ያሰናብተኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ባዶ ሳህኑን ያያል። እኔን አያየኝም። ባቡር አለፈው፤ ሌላም አለፈው። ማን ማንን እየጠበቀ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። “ዩ ሜይ ጎ፣ ቦይስ” አልኩት።

“የስ፣ ሰር” አለኝ። ተነሳ፤ ወንበሩን በሥርዓት ገፋ፤ ዞሮ ሳያየኝ ወጣ።

እኔን የሚያሰናብተኝ አልነበረም። ሳህን የምትሰበስበው ሴትዮ መጥታ “ጨርሰሻል?” እስክትለኝ ድረስ ቁጭ አልኩ።